ቻርልስ ዳርዊንና የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ጉዞው

ትምህርታችንን ልንፈጽም ጥቂት ወራት የቀሩን ተማሪዎች ዘመድም ጎረቤትም ባገኘን ቁጥር የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ወደፊት ምን ልትሆን ነው የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቀርቦለት፥ ሁለት ጊዜም የተመረጠለት ሥራ ያልሆነለትን የአንድ ወጣት ታሪክ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ዳርዊን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሽሩዝበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። እናቱ የሞቱበት ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። 16 ዓመት ሲሆነው እንደ አባቱ ሐኪም ይሆን ዘንድ ወደ ኤድንበርግ ተላከ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የሚያደነዝዝ መድኃኒት አልነበረምና፥ አንድ ሕፃን እየጮኸ ሲቀደድ አይቶ ሊታገሥ ስላልቻለ ከክፍሉ ሸሽቶ ወጣ። ሆኖም የኤድንበርግ ቆይታው ከንቱ አልቀረም። በዚያ ከተማ ከባርነት ነጻ የወጣ ጆን ኤድመንስተን የተባለ ጥቁር ሰው ይኖር ነበር፤ ዳርዊንም የሞተ ወፍ ቆዳው ከነላባው ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጥበብ ገንዘብ እየከፈለ ከእርሱ ተማረ።

ከዚህ በኋላ አባቱ ቄስ እንዲሆን ወደ ካምብሪጅ ላኩት። በዚያም ከመጽሐፉ ይልቅ ጢንዚዛ መሰብሰብ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጢንዚዛዎች በሁለት እጁ እንደያዘ ሦስተኛ ብርቅ ጢንዚዛ አየ፤ እንዳያመልጠውም በቀኝ እጁ ያለውን ወደ አፉ ከተተው። ጢንዚዛውም የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለለቀቀበት ተፍቶ ጣለው፤ ሦስተኛውም አመለጠው።

በ1831 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲጨርስ ልቡን የሳበው የአሌክሳንደር ሁምቦልት የጉዞ መጽሐፍ ነበር። ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ቴኔሪፍ ወደምትባለው የእሳተ ገሞራ ደሴት ሊሄድ አሰበ። አሳብ ብቻም አልነበረም፤ የእስፓኝ ቋንቋ ማጥናት ጀመረ፤ የድንጋይንም ጠባይ ለማወቅ ከመምህር ሴጅዊክ ጋር በዌልስ ተራራዎች ዞረ። ከዚያም ወደ ቤቱ ቢመለስ ከካምብሪጅ መምህሩ ከሄንስሎ የመጣ ደብዳቤ ቆየው። ቢግል የተባለች የመንግሥት መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጠረፍ ልትለካ ስለሆነ፥ ካፒቴኑ ሮበርት ፊዝሮይ ተፈጥሮን የሚመረምር ባልንጀራ ይፈልግ ነበር።

አባቱ ይህ ጉዞ ለቄስነት የማይስማማና ጊዜ የሚያባክን ነው ብለው ከለከሉት። ዳርዊንም ያለ አባቱ ፈቃድ መሄድን አልወደደም። አባቱ ግን አንድ በር ትተውለት ነበር፤ አስተዋይ ሰው ሂድ ብሎ ቢመክርህ እኔም እፈቅዳለሁ አሉት። እርሱም የአባቱን ምክንያቶች አንድ በአንድ ጽፎ ለአጎቱ ለጆሳያ ዌጅውድ ሰጠ። አጎቱም ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ጻፉ። አባትዮውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ወጪውንም ራሳቸው ቻሉ።

መርከቢቱ ዲሴምበር 27 ቀን 1831 ዓ.ም. ተነሣች። ርዝመቷ 27 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ተጭነውባት ነበር። ዳርዊን ገና ከመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ያጥወለውለውና ያስመልሰው ጀመር፤ ይህም ሕመም እስከ ጉዞው ፍጻሜ አልተወውም። ያን ያህል የተመኛት ቴኔሪፍ በታየች ጊዜም የአገሩ ሹማምንት የኮሌራ በሽታ እንዳይገባ በመስጋት 12 ቀን ካልቆያችሁ አትወርዱም አሉ። ካፒቴኑም መጠበቅ አልፈለገምና መርከቧን አዞረ። ዳርዊን የተዘጋጀላትን ደሴት ከሩቅ አይቶ አለፈ።

ዝግጅቱ ግን አልጠፋም፤ በሌሎች የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አገለገለው። ሴፕቴምበር 1835 ዓ.ም. መርከቢቱ ከኤኳዶር ጠረፍ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወደሚገኙት ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ደረሰች። በዚያ 5 ሳምንት ሲቆዩ ዳርዊን በ4 ደሴቶች ላይ ወረደ። እንስሳቱ ሰውን ስለማያውቁ አይሸሹም ነበር፤ አንዱን ጭልፊት በጠመንጃው አፈ ሙዝ ገፍቶ ከቅርንጫፉ አወረደው። በባሕር ውስጥ ገብቶ ሣር የሚበላውን ኢግዋና የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊትም ደጋግሞ ወደ ውሃ ቢወረውረው፥ ደጋግሞ ወደዚያው ቦታ ተመለሰ።

የደሴቶቹ ምክትል ገዥ ኒኮላስ ላውሰን ኤሊ ሲያይ ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ሊያውቅ እንደሚችል ነገረው። ዳርዊን ግን በጊዜው ነገሩን ልብ አላለውም። የትናንሾቹን ወፎች አብዛኛውን ክፍል ከየት ደሴት እንደያዛቸው ሳይጽፍ ቀላቀላቸው። የኤሊዎቹንም ሥጋ የመርከቧ ሰዎች በልተው ቅርፊታቸውን ወደ ባሕር ጣሉት።

በኦክቶበር 1836 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ጉልድ የተባለው የወፍ ሊቅ ወፎቹን መርምሮ፥ መንቁራቸው እንዲያ የተለያየው ትናንሽ ወፎች ፊንች የሚባሉ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አስታወቀ። ያን ጊዜ ዳርዊን የጎደለው ነገር ገባው። ሳያፍር ካፒቴኑንና ሌሎቹን የመርከብ ባልንጀሮቹን ለመነ፤ እነርሱ የደሴቱን ስም ጽፈው ነበርና ስሕተቱን በከፊል አቃና። እኛም በክፍላችን ቅጠል ሰብስበን ከየት እንደለቀምነው ሳንጽፍ ቀርተን ሥራችን ሁሉ ዋጋ ያጣበትን ቀን ሳስታውስ፥ ይህ የታሪኩ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ መረመረ፤ ጠየቀ፤ ጻፈ። ለኑሮው የሚስማማ ጠባይ ያለው ፍጡር ከሌላው ይልቅ ተርፎ እንደሚዋለድና በብዙ ዘመን አዲስ ዝርያ እንደሚገኝ የሚያስረዳውን መጽሐፉን በ1859 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉም ታላቅ ክርክር አስነሣ። ዳርዊን ኤፕሪል 19 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐርፎ በለንደን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዛሬ የእርሱ ስም በተሰጠው በሰሜናዊው የጋላፓጎስ ደሴት ዙሪያ ጠላቂዎች የአየር በርሜል አዝለው ወደ ባሕር ይገባሉ። ራሱ መዶሻ የሚመስለውን ሻርክ በመንጋ ያያሉ። ዳርዊን በዚያች ደሴት አልወረደም፤ ከባሕሩ በታች ያለውንም ለማየት በዘመኑ መሣሪያ አልነበረውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ወዳሰበው ቦታ ሳይደርስ የሚቀር ቢኖር ቴኔሪፍን ያስታውስ። ያሰበበት የደረሰ ግን ያየውን ከነቦታው በዚያው ቀን ይጻፍ፤ ቢሳሳትም ጓደኛውን ለመጠየቅ አይፈር።