እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ

ወራጅ ወንዝ በሌላት ኩዌት፣ በዋና ከተማዋም ሆነ በሳልሚያና በፈርዋኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቢልሃርዝያ የሩቅ አገር በሽታ ነው። በልጅነታቸው ወንዝ ወርደው ልብስ ያጠቡ፣ ከብት ያጠጡ ወይም የዋኙ ግን ጉዳዩ ከትዝታቸው አይርቅም። ከዚህ በሽታ ጋር ስማቸው ተያይዞ የሚነሣው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ስማቸውን ያስጠራው ግኝት የተገኘውም በዚያው ዓመት በአድዋ ነው።

የቢልሃርዝያ ትል ዕድገቱን የሚጀምረው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ያልፍና በደም ሥር ውስጥ ይኖራል። ወጣቱ ተመራማሪ ወደ አድዋ የሄዱት እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች ሸማቸውን በእንዶድ ፍሬ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲታዩ፣ ከበላዩ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ወዲያውም ሞቱ። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲያነጻ የኖረ ፍሬ ነው። በሽታን ሊከላከል እንደሚችል በምርምር ያሳዩት ግን እርሳቸው ናቸው።

በፍሬው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ወገን በሕዋስ ሽፋን ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳል። ከእንዶድ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገርም በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ቀጥሎም በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደ ሙከራ የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። በሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ከውጭ በውድ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ሳይሆን በአጥር ሥር የሚበቅል ተክል ይህን ውጤት ማስገኘቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሆኖም ውጤቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም የጤና ባለሙያዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ። ስጋቱ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ነገር ግን የተጠየቀው ምርመራ ከአንድ ድሃ አገር ቤተ ሙከራ አቅም በላይ ነበርና ዓመታት በከንቱ አለፉ። ዶክተር አክሊሉ በየጉባኤው እየቀረቡ መሟገታቸውን አላቋረጡም። የምርምር ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶች ኃይለኛውን መርጠው አወጡ። በ1989 ሁለቱም በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ዶክተር አክሊሉ በዩኒሴፍም ያገለገሉ ሲሆን በሚያዝያ 1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እርሳቸው ትሉን ከቀንድ አውጣው ለማስቀረት ሲደክሙ፣ በሰው አካል ውስጥ ያለውን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ክኒኑ ትሉን እንዴት እንደሚገድል ግን ለአሥርተ ዓመታት አልታወቀም። በ2019 ተመራማሪዎች መድኃኒቱ የሚያርፈው በትሉ ሕዋስ ሽፋን ላይ በተተከለ፣ ካልሲየም በሚያስገባ የፕሮቲን በር ላይ መሆኑን ደረሱበት። የዚያን በር ቅርጽ በኮምፒውተር ሠርተው፣ መድኃኒቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ሥፍራ ፈለጉ፤ ከዚያም በቤተ ሙከራ አረጋገጡት። በኮምፒውተር የሚደረገው ይህ አሠራር ለአዲስ መድኃኒት ፍለጋ ትልቅ ድካም ይቀንሳል፤ ከሺህ ዕጩዎች መካከል ለሙከራ የሚበቁትን ቀድሞ ይለያልና። በዚሁ ጥናት በበግና በከብት ጉበት ውስጥ የሚኖረው ትል ለክኒኑ የማይበገርበት ምክንያትም ተገለጠ፦ በእርሱ በር ላይ፣ መድኃኒቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ተለውጣለች።