ጆን ዎከር

ጆን ዎከር (ጁላይ 25 ቀን 1805 – 1857 እ.ኤ.አ.) በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ በምትገኘው የኪልማርኖክ ከተማ የኖረ የሸቀጣ ሸቀጥ፣ የወይን ጠጅና የአረቄ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ስሙ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ጆኒ ዎከር በተባለው ውስኪ ነው። ሆኖም ጆን ዎከር የራሱ የውስኪ ማውጫ ኖሮት አያውቅም። ሥራው ሱቅ ነበር። ስሙን ወደ ዓለም ገበያ ያወጡት ልጁና የልጅ ልጆቹ ናቸው። በዚህ ምክንያት የሕይወት ታሪኩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) አንድ የባለ ሱቅ ቤተሰብ በሦስት ትውልድ እንዴት እንዳደገም ያሳያል።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቤተሰቡ ውስጥ አሌክሳንደር የሚለው ስም ስለሚደጋገም (የጆን አባት፣ ልጁና የልጅ ልጁ ሦስቱም አሌክሳንደር ይባላሉ) የትኛው እንደሆነ በየቦታው ተገልጿል።

ልደትና አስተዳደግ

ጆን ዎከር የተወለደው በኤርሻየር ግዛት፣ ከኪልማርኖክ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ቶድሪግስ በተባለ የእርሻ ቦታ ነው። ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። በ1819 አባቱ አሌክሳንደር ሲሞት ጆን ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በዚህ ዕድሜ እርሻውን ተረክቦ ማካሄድ ቀላል ስላልነበር ንብረቱ ተሸጠ። ከሽያጩ የተገኘው 417 ፓውንድ የጆንን ጉዳይ በኃላፊነት በያዙ ሰዎች አማካይነት በንግድ ላይ እንዲውል ተደረገ። በ1820 በኪልማርኖክ ዋና መንገድ ላይ ሱቅ ተከፈተለት። አንድ የገበሬ ልጅ በ15 ዓመቱ የከተማ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው።

የኪልማርኖክ ሱቅ

በአዲስ አበባ ግሮሰሪ ሲባል ብዙ ጊዜ መጠጥ የሚጠጣበት አነስተኛ ቤት ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንድ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ሻይ፣ ስኳር፣ ቅመማ ቅመም፣ የደረቀ ፍራፍሬና ሌላም የወጥ ቤት አስቤዛ የሚሸጥበትን መደብር ነው። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ ከአስቤዛው ጎን የወይን ጠጅና አረቄም ይሸጡ ነበር። ደንበኛው መጠጡን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። በ1853 የወጣውና ፎርብስ ማኬንዚ በተባሉት የፓርላማ አባል ስም የሚጠራው ሕግ በስኮትላንድ በእንደነዚህ ያሉ ሱቆች ውስጥ መጠጣትን ከልክሏል። ከዚያ በኋላ በባለ ሱቅና በመጠጥ ቤት መካከል ያለው ልዩነት በሕግ የጠራ ሆነ።

የጆን ዎከር ሱቅም ከውጭ አገር የሚመጡ ምግቦችን፣ ሸቀጣ ሸቀጥንና መጠጥን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥ ነበር። በ1825 ሮም፣ ብራንዲ፣ ጂንና ውስኪ ይሸጥ እንደነበር ይታወቃል። ኪልማርኖክ በምንጣፍና በሌሎች የሽመና ሥራዎች የምትታወቅ፣ በማደግ ላይ ያለች ከተማ ስለነበረች ገበያተኛ አልጠፋም። ጆን በ1833 ኤሊዛቤት ፐርቭስን አገባ። ኋላ ንግዱን የወረሰው ልጃቸው አሌክሳንደር በ1837 ተወለደ። ይህ ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን የያዘችበት ዓመት ነው።

የ1823 ሕግና የውስኪ ንግድ

ጆን ሱቁን ሲከፍት በስኮትላንድ ብዙው ውስኪ በድብቅ የሚወጣ ነበር። ቀረጡ ከባድ፣ ደንቡም ጥብቅ በመሆኑ አረቄ አውጪዎች በተራራና በሸለቆ ተደብቀው መሥራትን ይመርጡ ነበር። በ1823 የብሪታንያ ፓርላማ የኤክሳይዝ ሕጉን አሻሻለ። በአዲሱ ሕግ መሠረት አንድ አውጪ በዓመት 10 ፓውንድ ለፈቃድ ከፍሎና በሚያወጣው መጠን ልክ የተቀነሰ ቀረጥ ከፍሎ በግልጽ መሥራት ይችላል። በዚህም የተነሳ ሕጋዊ ማውጫዎች በዙ፤ እንደ ጆን ያሉ ባለ ሱቆችም ውስኪን ያለ ሥጋት በበርሜል ገዝተው መሸጥ ቻሉ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከቴክኖሎጂ ነው። የቆየው የአሠራር ዘዴ ከገብስ ብቅል የተዘጋጀውን ድፍድፍ በመዳብ ጋን ውስጥ በየዙሩ እያፈሉ ማውጣት ነበር፤ ይህም የአገራችንን አረቄ አወጣጥ ይመስላል። በ1830 አይኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ ያለማቋረጥ የሚሠራ የማውጫ መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚህ መሣሪያ ከልዩ ልዩ እህል ለስላሳ ጣዕም ያለውና ርካሽ የሆነ አረቄ በብዛት ማውጣት ተቻለ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓይነት ውስኪ ገበያ ላይ ዋለ፤ አንዱ ጠንካራ ጣዕም ያለው የብቅል ውስኪ፣ ሌላው ለስላሳው የእህል ውስኪ ነው።

ባለ ሱቆች ውስኪ መቀየጥ የጀመሩበት ምክንያት

በዚያ ዘመን የብቅል ውስኪ ጣዕም ከማውጫ ማውጫ፣ አንዳንዴም ከበርሜል በርሜል ይለያይ ነበር። ባለፈው ወር የገዛውን የወደደ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጣዕም ሊያገኝ ይችላል። ለባለ ሱቅ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ደንበኛን የሚያቆየው የዕቃው አለመለዋወጥ ነውና።

ባለ ሱቆች ግን መፍትሔውን ከሻይ ንግድ ያውቁት ነበር። የሻይ ቅጠልም እንደ ቦታውና እንደ ምርት ዘመኑ ይለያያል። ነጋዴው የተለያዩ ቅጠሎችን በልክ ቀይጦ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ጣዕም ያለው ሻይ ያዘጋጃል። በዎከር ቤተሰብም ልጁ አሌክሳንደር በግላስጎው ከተማ በአንድ የሻይ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ተምሮ ሻይ መቀየጥን እንደለመደ ይነገራል። ይኸው ዘዴ ወደ ውስኪ ተሻገረ። ምላስና አፍንጫ የሠለጠኑበት ባለ ሱቅ ማውጫ ሳይኖረው የራሱ የሆነ ጣዕም መፍጠር ቻለ።

ጎርፉና የመጨረሻ ዓመታት

በ1852 በኪልማርኖክ ከባድ ጎርፍ ደረሰ። ውኃው ወደ ሱቁ ገብቶ የጆንን የሸቀጥ ክምችት አወደመበት። ነጋዴው ከ30 ዓመት በላይ የለፋበትን ንግድ እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። ቤተሰቡ ሱቁን አልዘጋም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ንግዱ መልሶ ቆመ። ልጁ አሌክሳንደርም አባቱን ለማገዝ ወደ ሱቁ ገባ።

ጆን ዎከር በ1857 አረፈ። በእሱ ዘመን ውስኪ ከድርጅቱ ገቢ 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዝ ነበር። ጆን ሲሞት በከተማው የሚታወቀው እንደ ታማኝ የሸቀጥ ነጋዴ እንጂ እንደ ውስኪ ባለሀብት አልነበረም።

ልጁ አሌክሳንደር

አሌክሳንደር (1837–1889) ንግዱን የተረከበው በ20 ዓመቱ ግድም ነው። ጊዜው ረዳው። በ1860 የወጣው የአረቄ ሕግ የብቅልና የእህል ውስኪ ቀረጥ ከመከፈሉ በፊት፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ውስጥ እንዲቀየጡ ፈቀደ። ነጋዴው ቀረጡን የሚከፍለው ሲሸጥ ብቻ ስለሆነ ብዙ ካፒታል ሳይታሰርበት በብዛት ማዘጋጀት ቻለ። አሌክሳንደርም በ1860ዎቹ ኦልድ ሃይላንድ ውስኪ የተባለውን ቅይጥ ለገበያ አቀረበ።

መጓጓዣውም ተሻሽሎ ነበር። የባቡር ሐዲድ በ1843 ኪልማርኖክ ስለደረሰ ዕቃን ወደ ግላስጎው ወደብ መላክ ቀላል ሆነ። አሌክሳንደር ከወደቡ በሚነሱ መርከቦች ካፒቴኖች በኩል ውስኪውን ወደ ውጭ አገር እየላከ እንዲሸጥ አደረገ። በዚያው ዘመን ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የፈረንሳይን የወይን ተክል ስላጠፋ ብራንዲ በገበያ ላይ አነሰ። ብዙ ጠጪዎች ወደ ስኮትላንድ ውስኪ ዞሩ።

ዛሬም የሚታዩት ሁለቱ የጠርሙሱ መለያዎች ከአሌክሳንደር ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው አራት ማዕዘኑ ጠርሙስ ነው፤ በሣጥን ውስጥ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ብዙ ጠርሙስ ይይዛል፣ በጉዞም ያነሰ ይሰበራል። ሁለተኛው በ24 ዲግሪ አዘንብሎ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ጎላ ብሎ እንዲጻፍ ቦታ ይሰጣል፣ መደርደሪያ ላይም ከሩቅ ይለያል። አሌክሳንደር በ1880 በለንደን ቢሮ ከፈተ። ንግዱን ለልጆቹ በሚያስረክብበት ጊዜ ውስኪ ከድርጅቱ ገቢ ከ90 እስከ 95 በመቶ ደርሶ ነበር። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሸቀጥ ሱቁ የውስኪ ድርጅት ሆኗል።

የልጅ ልጆቹ

አሌክሳንደር በ1889 ሲሞት ሥራው ወደ ልጆቹ ተላለፈ። ከእነሱም በቅየጣ ችሎታው የታወቀው በአባቱ ስም የሚጠራው ሁለተኛው አሌክሳንደር (1869–1950) ነው። በ1893 ድርጅቱ በስፔይሳይድ የሚገኘውን የካርዱ ማውጫ ከኤሊዛቤት ካሚንግ ገዛ። ማውጫውን ያቋቋሙት የባሏ ወላጆች ሲሆኑ፣ እሷ ለብዙ ዓመታት ራሷ ታስተዳድረው ነበር። ቤተሰቡ ሱቁን ከከፈተ ከ73 ዓመት በኋላ ማለት ነው የራሱ ማውጫ የኖረው።

በ1908 ቶም ብራውን የተባለ ሠዓሊ ኮፍያ ያደረገና ዱላ ይዞ የሚራመድ ሰው ምስል ለድርጅቱ ሣለ። በ1909 ውስኪዎቹ ሬድ ሌብልና ብላክ ሌብል በሚሉት ስሞች ለገበያ ቀረቡ። ብዙ ሰው ምስሉን የጆን ዎከር ፎቶግራፍ ቅጂ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን ምስሉ የተሣለው ጆን ከሞተ ከ51 ዓመት በኋላ ለማስታወቂያ ነው። ጆን ራሱ ስሙ በዚህ ምስል አጠገብ ሲጻፍ አላየም።

ሁለተኛው አሌክሳንደር በ1920 የሰር ማዕረግ አገኘ። በ1925 ድርጅቱ ዲስቲለርስ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በዚህም ብቻውን የቆመ የቤተሰብ ንግድነቱ አበቃ።

ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ቤተሰቦች

የዎከር ቤተሰብ ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። ዛሬ በጠርሙስ ላይ ከሚነበቡት የስኮትላንድ ስሞች በርካቶቹ የባለ ሱቆችና የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ስሞች ናቸው፤

- ጆርጅ ባለንታይን በ1827 በኤደንብራ የሸቀጥ ሱቅ ከፈተ።
- ጄምስና ጆን ቺቫስ የተባሉት ወንድማማቾች በአበርዲን የሸቀጥ ነጋዴዎች ነበሩ።
- ጆን ዲዋር በ1846 በፐርዝ የወይን ጠጅና የአረቄ ንግድ ጀመረ።
- በዚያችው በፐርዝ የግሎግ ቤተሰብም በሸቀጥና በወይን ጠጅ ንግድ ይተዳደር ነበር።

ከኪልማርኖክ መውጣት

ጆን ዎከር የሞተባት ከተማ ከስሙ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቆራኝታ ቆይታለች። በቅየጣና በጠርሙስ መሙላት ሥራ ብዙ የከተማዋ ቤተሰቦች ከአባት እስከ ልጅ ኖረዋል። በ2009 ባለቤት የሆነው ዲያጆ ኩባንያ በከተማዋ የነበረውን ፋብሪካ ሊዘጋ እንደሆነ አስታወቀ። 700 ያህል ሠራተኞች ያሉበት በመሆኑ ሕዝቡ በሰልፍ ተቃወመ፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ፋብሪካው በ2012 ተዘጋ፤ ከሱቁ መከፈት ጀምሮ 192 ዓመት የቆየው ግንኙነትም በዚያው አበቃ። በቀድሞው የፋብሪካ ቦታ ላይ ኮሌጅ ተሠርቶ በ2016 ተከፍቷል። ጆን ዎከር በ15 ዓመቱ ሥራ በጀመረባት ከተማ፣ የእሱን ዕድሜ ያህል የሆኑ ወጣቶች ዛሬ በዚያ ቦታ ይማራሉ።