ብርሃንን በጠመዝማዛ መንገድ የመሩት ሃሮልድ ሆፕኪንስ

ከአርሲና ከባሌ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ነባሩ መንገድ አቃቂን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ለሕክምና ከሚመጡት መካከል ምግብ አልወርድ ብሏቸው ከእንጀራ ወደ ሾርባ፣ ከሾርባም ወደ ውሃ የወረዱ ሕሙማን ይገኙባቸዋል። የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በሁለቱ አካባቢዎች በብዛት እንደሚታይ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት የማይቻልበት ጊዜ ይበዛል። ያን ጊዜ የሚቀረው ርዳታ የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ ሕመምተኛው እንዲጎርስ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ስቴንት፣ ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተጠለፈ መረብ መሰል ቱቦ ነው። ተጨምቆ በቀጭን መሪ ሽቦ ላይ ወደ ጠባቡ ስፍራ ይገባና ሲለቀቅ በራሱ ኃይል ሰፍቶ ግድግዳውን ይደግፋል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ስፍራውን በዓይኑ ሳያይ ሽቦውን መምራት ይቸግረዋል። ለዚህ እይታ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሐኪም ሳይሆኑ የፊዚክስ ሊቅ የነበሩት ሃሮልድ ሆፕኪንስ ናቸው።

ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1918 በለንደን ከድሃ ቤተሰብ ተወለዱ። በነጻ ትምህርት ዕድል ተምረው በሌስተር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፊዚክስና በሒሳብ ተመረቁ። ከዚያም በሌንስ ሥራ ተሠማርተው በ1947 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ መምህር ሆኑ። ለቴሌቪዥን ካሜራ የሚያገለግል ዙም ሌንስ በመንደፍም ስማቸው ታወቀ።

በ1951 በአንድ የራት ግብዣ ላይ ሂዩ ጌንስቦሮ የተባሉ ሐኪም አጠገባቸው ተቀምጠው ችግራቸውን አጫወቷቸው። በዚያን ዘመን ጨጓራን ለማየት የሚያገለግለው መሣሪያ ቀጥ ያለ ወይም በጥቂቱ ብቻ የሚለመጥ ስለነበረ ሕመምተኛውን ያሠቃይ፣ ብዙውንም ስፍራ ሳያሳይ ይቀር ነበር። ሆፕኪንስ ነገሩን በልባቸው ይዘው ቆዩና በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የመስተዋት ክሮችን አንድ ላይ ማሰርን አሰቡ። በአንዱ ጫፍ የገባ ብርሃን በክሩ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ክሩ ቢጎብጥም በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ የክሮቹ አሰላለፍ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ሥዕሉ ሳይበተን ያልፋል። ከተማሪያቸው ከናሪንደር ካፓኒ ጋር የሠሩትን ይህን ሥራ በ1954 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ።

ሐሳቡ ቢሳካም ወደ መሣሪያነት የሚያደርሰው ገንዘብ በአገራቸው አልተገኘም። ጽሑፉን ያነበቡት ሐኪም ባዚል ሂርሾዊትዝ ግን በአሜሪካ ሚቺጋን ሥራውን ቀጠሉበት። ክሮቹ በሚነካኩበት ቦታ ብርሃኑ ያመልጥ ስለነበረ ላሪ ከርቲስ የተባለ ወጣት ተማሪ እያንዳንዱን ክር በሌላ ዓይነት መስተዋት ሸፈነው። ሂርሾዊትዝ በ1957 አዲሱን መሣሪያ መጀመሪያ ራሳቸው ዋጡት።

ሆፕኪንስ ከዚያ በኋላ ለቀጥተኛ መሣሪያዎች የሚሆን የመስተዋት ዘንግ ሌንስ ፈለሰፉ። ይህንንም በ1960ዎቹ አጋማሽ ተቀብሎ ያመረተው የጀርመኑ ባለ ፋብሪካ ካርል ስቶርዝ ነበር። በ1973 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ1984 የማኅበሩን የራምፈርድ ሜዳልያ ተሸለሙ፤ በ1994 ዓረፉ።

ዛሬ በአብዛኛው ኢንዶስኮፕ ላይ የመስተዋት ክሩን ሥዕል የማስተላለፍ ተግባር በጫፉ ያለች ጥቃቅን ካሜራ ተረክባዋለች። የሆፕኪንስ ታሪክ ግን ለመሐንዲስ ትርጉሙ አልተለወጠም፤ ሐኪሙ ችግሩን ባይናገር ሐሳቡ አይወለድም ነበር፤ አምራች ባይገኝም ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። አቃቂ የመለዋወጫ ዕቃና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የተተከለባት፣ የብረት ሥራ የለመደች ስፍራ ናት። በመንገዷ የሚያልፈው፣ ጉሮሮው የተዘጋው መንገደኛ የሚጠብቀው ሦስቱ፣ ማለትም ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና አምራቹ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚገናኙበትን ቀን ነው።