የማዳም ኩሪ ሕይወትና የጨረር ዕዳ

ማሪያ ስክሎዶቭስካ፣ በኋላ ማዳም ኩሪ ተብለው በዓለም የታወቁት ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበሩ። እናታቸው የሞቱባቸው ገና በ10 ዓመታቸው ነው። ፖላንድ በሩሲያ ቄሣር ሥር ነበረች፤ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲም ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ሁለት እኅትማማች ቃል ተጋቡ፤ ማሪያ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ብሮንያን በፓሪስ ሕክምና ሊያስተምሩ፣ ብሮንያም በተራዋ ልትረዳቸው። ወንድሙ ሞፈር ይዞ ከላላ ቀርቶ እርሱ ለትምህርት የተላከ ጓደኛችን፣ ይህን ቃል ኪዳን ለማስተዋል አስረጂ አያሻውም።

ብሮንያም ቃሏን ጠበቀች። ማሪያ በ1891 ሶርቦን ገቡ፤ በ1893 በፊዚክስ አንደኛ ወጡ፤ በ1895 ፒየር ኩሪን አገቡ። በ1898 ባልና ሚስቱ ፖሎኒየምንና ሬዲየምን አገኙ። ከዚያም ጣሪያው በሚያፈስ ዳስ ውስጥ በቶን የሚቆጠር የማዕድን ዝቃጭ እያፈሉና እያጣሩ፣ በ1902 ከግራም አንድ ዐሥረኛ የሚሆን ንጹሕ የሬዲየም ጨው አወጡ። የአሠራሩን ምስጢር ለዓለም ሰጡ እንጂ ለራሳቸው ባለመብትነት አልጠየቁበትም። በ1903 የፊዚክስ፣ ፒየር በ1906 በጋሪ ተገጭተው ከሞቱ በኋላም በ1911 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ፒየር ለሙከራ ሬዲየም ክንዳቸው ላይ አስረው ቆስለዋል። ማዳም ኩሪም የሬዲየም ብልቃጥ ያለ መከላከያ ይይዙ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጨረር ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ከውሃው ኤሌክትሮን ገፍቶ ያወጣና ጎጂ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ እነዚህም ዲ.ኤን.ኤ.ን ይሰብራሉ። ዲ.ኤን.ኤ. የፕሮቲን ሥራ ትእዛዝ የሚገለበጥበት ዋና መዝገብ ነውና፣ መዝገቡ ሲቀደድ ትእዛዙ ይጎድላል ወይም ይዛባል። ሕዋሱ ስብራቱን ለመጠገን መከፋፈሉን ያቆማል፤ የብዙውን ፕሮቲን ሥራም ይቀንሳል። ጥገናው ራሱ ኀይል ይበላል፤ ኀይል የሚመረትባቸው ሚቶኮንድሪያም ከጉዳቱ አያመልጡም። ወጪው በዝቶ ገቢው ሲያንስ፣ ጉዳቱም ከጥገናው ሲበልጥ፣ ሕዋሱ ይሞታል። ያለ ዕረፍት የሚከፋፈሉት የመቅኔ ሕዋሳት ቀድመው ይጎዳሉ፤ ደም የሚሠራውም በመቅኔ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማዳም ኩሪ ኤክስሬይ በመኪና ጭነው፣ ከልጃቸው ከኢሬን ጋር ቁስለኞችን ሲመረምሩ ቆዩ። በ1934፣ በ66 ዓመታቸው፣ መቅኔያቸው ደም መሥራት አቅቶት ዐረፉ። በ1995 ዐፅማቸው ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር የተገኘው ሬዲየም ጥቂት ስለነበር፣ መርማሪዎቹ ለሞታቸው ይበልጥ የጦርነቱን ኤክስሬይ ጠረጠሩ። ኢሬንም የኖቤል ተሸላሚ ሆና በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

ይሁን እንጂ ጤናማውን ሕዋስ የሚገድለው ጨረር፣ በልክና በዒላማ ሲሰጥ፣ ስብራቱን መጠገን የሚሳነውን የካንሰር ሕዋስ ይገድላል። ለብዙ ዓመታት ከከላላ የተነሣ ሕመምተኛ ይህን ሕክምና ለማግኘት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ መጓዝ ነበረበት። በአገራችን የጨረር ሕክምና ቦታው እንዲበዛ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያውም ከእኛው መካከል መውጣት አለበት። ስለዚህ ፊዚክስና ባዮሎጂ የምንማር ሁሉ፣ ከማዳም ኩሪ ትጋታቸውንና ለጋስነታቸውን እንውረስ፤ ጥንቃቄውን ግን ከሞታቸው እንማር።