ፑሽካሽ በሁለት ሚዛን

የአንድ ኳስ ተጫዋች ችሎታ በክለቡ ይመዘን ወይስ በአገሩ ቡድን የሚለው ክርክር በየሜዳው ዳርና በየቡና ቤቱ ሲነሣ እንሰማለን። ለዚህ ክርክር የሐንጋሪው ተወላጅ የፌሬንች ፑሽካሽ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ስለሚሆን ለአንባቢዎቻችን እናቀርበዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፑሽካሽ በ1927 በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ ኳስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ስለ ነበሩ ልጁ ያደገው በሜዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ18 ዓመቱ ለአገሩ ቡድን ተሰለፈ። ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱ ደንዳና ነበር፤ የግራ እግሩ ምት ግን በረኞችን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር።

በ1949 የሰፈሩ ክለብ ኪሽፔሽት ለጦር ሠራዊቱ ተሰጥቶ ሆንቬድ ተባለ። ከአብሮ አደጉ ከቦዚክ ሌላ እነ ኮቺሽና ቺቦርም እዚያ ገቡ። ስለዚህ ፑሽካሽ በክለቡ አብረውት የሚጫወቱትን ሰዎች በአገሩም ቡድን ውስጥ ያገኛቸው ነበር። ሐንጋሪ በ1952 በሄልሲንኪ የኦሊምፒክን ወርቅ አገኘች፤ በ1953 እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3፥ በማግሥቱ ዓመት በቡዳፔስት 7 ለ 1 አሸነፈች። በ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ግን ፑሽካሽ ቁርጭምጭሚቱን ተመታ፤ በፍጻሜው ቀን በቅጡ ሳይድን ገብቶ አንድ ጎል ቢያገባም ምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 ረታች። በጠቅላላው ለሐንጋሪ በ85 ጨዋታ 84 ጎል አግብቷል።

በ1956 በአገሩ ዐመፅ ተነሥቶ የሶቪየት ጦር ሲያፍነው ፑሽካሽ በውጭ አገር ቀረ፤ ፊፋም ከጨዋታ አገደው። በ1958 ሪያል ማድሪድ ሲቀበለው ዕድሜው 31 ደርሶ፥ ሰውነቱም ከብዶ ስለ ነበር አበቃለት ያሉት ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን ለዚህ ክለብ በ262 ጨዋታ 242 ጎል አገባ፤ በ1960 በግላስጎው በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜም ብቻውን 4 አስቆጠረ።

ከዚያም የእስፓኝን ዜግነት አግኝቶ ለዚያች አገር 4 ጊዜ ተሰለፈ፤ ከነዚህም ሦስቱ በ1962 በቺሊ የዓለም ዋንጫ ነበሩ። አንድ ጎል እንኳ አላገባም።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ እንዴት እንፍረድ? የሐንጋሪ ጎሎቹ የጓደኞቹ ሥራ ናቸው የሚል ቢኖር፥ ያለ እነርሱ በማድሪድ ያገባቸው ይመልሱለታል። በእስፓኝ መለያ ባዶ እጁን ስለ ቀረ እግሩ ዝሎ ነበር የሚልም ቢኖር፥ ወደ ቺሊ ከመሄዱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በቤንፊካ ላይ 3 ጎል ማግባቱን እናስታውሰዋለን። በሐንጋሪ ለዓመታት አብረውት ያደጉ ጓደኞች ነበሩት፤ በእስፓኝ ቡድን የተሰጠው አራት ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በ35 ዓመት ዕድሜው ዙሪያ። ስለዚህ የጎል ቁጥር ስንሰማ ከማን ጋር፥ ስንት ጊዜ፥ በምን ዕድሜ ብለን ብንጠይቅ ፍርዳችን ይቀናል እንላለን።

ፑሽካሽ አገሩን እንደ ገና ያየው ከ25 ዓመት በኋላ በ1981 ነው። በ2002 የቡዳፔስት ታላቁ ስታዲዮም በስሙ ተሰየመለት፤ በኅዳር ወር 2006ም በዚያችው ከተማ ዐረፈ። ለሌላ አገር መለያ መልበሱን የሐንጋሪ ሕዝብ አልቈጠረበትም።