ጆኒ ኮክራን፦ የሟቾች ቤተሰብ ጠበቃ

ጠበቃ ጆኒ ኮክራን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በሉዊዚያና፣ በሽሬቭፖርት ከተማ ተወልደው በሎስ አንጀለስ አደጉ። በ1963 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው በከተማይቱ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ካገለገሉ በኋላ የግል ቢሮ ከፈቱ።

በ1966 ሊዮናርድ ዴድዋይለር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ምጥ የያዛት የመሰለችውን ሚስቱን ወደ ሐኪም ቤት በመኪና ሲያከንፍ ፖሊስ አስቁሞት በጥይት ተገደለ። በአሟሟቱ ላይ በተካሄደው ይፋ ምርመራ ኮክራን ምስክሮችን በቀጥታ መጠየቅ ስላልተፈቀደላቸው ጥያቄያቸውን ሁሉ በዐቃቤ ሕጉ አፍ አቀረቡ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ተከታተለ። ፖሊሱ በወንጀል አልተከሰሰም፤ ለቤተሰቡ ያቀረቡትንም የካሣ ክስ ኮክራን ተረቱ።

በ1981 ሮን ሴትልስ የተባለ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሲግናል ሂል ፖሊስ ጣቢያ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊሶቹ ራሱን ገደለ አሉ። ኮክራን ግን አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ እንደገና እንዲመረመር አደረጉ፤ ምርመራውም አንገቱ በክንድ ታንቆ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በወንጀል የተከሰሰ ባይኖርም ከተማይቱ ለወላጆቹ ከ700,000 ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማች።

ዓለም ኮክራንን ይበልጥ የሚያውቃቸው በ1995ቱ የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ችሎት ነው። ለሙያው ያቆዩት ትምህርት ግን ከዚህ ይቀድማል። የወንጀል መዝገብ የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የካሣ ክስ ግን የሟች ቤተሰብ መብት ሲሆን፣ የሚጠይቀውም የማስረጃ ክብደት ከወንጀሉ ያነሰ ነው። ኮክራን በመጀመሪያው ሽንፈት ሳይበገሩ በዚህች ጠባብ በር ደጋግመው ገቡ። በ2005 ዐረፉ።