የባለቅኔው የጸጋዬ ገብረ መድኅን የሕይወት ታሪክ



ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየዓመቱ ከዚህ ትምህርት ቤት ፈተናቸውን ያለፉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሻንጣቸውን አንሥተው ይህን መንገድ ይጀምራሉ፤ ባሕር ተሻግረው ለመማር የሚመኙም አይጠፉም። ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ ሁለት ነገር ይፈራሉ። አንደኛው ልጁ ሳይማር እንዳይቀር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ተምሮ የወጣበትን ቤት እንዳይንቅ ነው። ይህን ሳስብ፥ ርቀው ሄደው ተምረው ከተመለሱት ሰዎች የአንዱን ሕይወት በመጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ወደድሁ። እኒህም ሰው ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው።

ጸጋዬ በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ ቦዳ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። ጊዜው የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን የያዘበት የመከራ ዘመን ነበር። አባታቸው ኦሮሞ፥ እናታቸው አማራ ነበሩ። እንደ ብዙ የባላገር ልጆች ከብት ጠብቀዋል፤ በቤተ ክርስቲያንም ግእዝ ተምረዋል። እንግዲህ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገቡ ባዶ እጃቸውን አልገቡም ማለት ነው።

በአምቦ ሲማሩ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱም ዲዮናስዮስ ስለሚባል ንጉሥና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቶ ደራሲው ተመሰገኑ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። የአምቦው ልጅ የመጀመሪያ ተውኔት ስለ ባዕድ ንጉሥ የተጻፈ ነበር። ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን ሩቅ አገር በደጁ ካለው አስበልጦ ማየቱ የተለመደ ነገር ነውና።

ከአምቦ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም አሜሪካ አገር ቺካጎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሕግ ትምህርት ተከታተሉ፤ ይህንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ፈጸሙ። በዚያን ጊዜ ከውጭ አገር ሕግ ተምሮ ለሚመለስ ወጣት የመንግሥት ወንበር ሩቅ አልነበረም። የመድረክ ሰው ግን አዝማሪ እየተባለ የሚናቅበት ዘመን ነበር። ጸጋዬ ሕጉን ትተው የተናቀውን ሙያ መረጡ። ሰው የሚከበርበትን መንገድ ትቶ የሚወደውን መያዙ በቃል ቀላል ነው፤ ለወላጅ ማስረዳቱ ግን እንዴት ከባድ እንደ ሆነ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እናውቀዋለን።

ከሕግ ትምህርታቸው በኋላ የዩኔስኮን የትምህርት ዕድል አግኝተው የቴአትር ጥበብ ለመማር ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የተማሩትም በሁለት ቤቶች ነው። አንዱ በሎንዶን የሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር ነው። ይህ ቤት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ደራሲዎች በሩን ከፍቶ፥ የተራውን ሰው ኑሮና ብሶት በመድረክ በማሳየት ስም ያወጣ ነበር። ሁለተኛው በፓሪስ የሚገኘው ኮሜዲ ፍራንሴዝ ነው። ይህኛው በ1680 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፥ የሞልዬርን ቤት ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠራ፥ የጥንት ድርሰቶችን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበቀ የሚያሳይ ነው።

ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ትምህርት ይሰጡ ነበር። የሎንዶኑ ቤት ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው ሰው ለመድረክ የሚበቃ መሆኑን ያስተምራል። የፓሪሱ ቤት ደግሞ አንድ ሕዝብ የአባቶቹን ቃል ሳያፍርበት መጠበቅ እንዳለበት ያስተምራል። ጸጋዬ ሁለቱንም ትምህርት ይዘው እንደ መጡ ኋላ የሠሩት ሥራ ይመሰክራል።

በ1961 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠሩ፤ መሪም ሆኑ። «የከርሞ ሰው»ን ሲጽፉ የነገሥታትን አዳራሽ ትተው የከተማውን ተራ ሰው ኑሮ ወደ መድረክ አመጡ። ሰምና ወርቅ ያለበትንም የአባቶች አነጋገር አልጣሉም። የግጥማቸው ስልት እንኳ ከሌላው ተለይቶ የጸጋዬ ቤት እስከ መባል ደረሰ። በ1966 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር።

የሼክስፒርንም ሥራዎች ወደ አማርኛ መለሱ፤ ከእነዚህም ኦቴሎ፥ ማክቤዝና ሐምሌት ይገኛሉ። ሐምሌት የዴንማርክ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ በገዛ ወንድሙ ተገድሎ፥ ገዳዩ ዙፋኑንም የሟቹንም ሚስት ወርሷል። የሥልጣን ሽኩቻን በታሪኩ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን በራሱ ቋንቋ ሲሰማ ባዕድ ነገር አይሆንበትም። ሩቅ አገር የተማረ ሰው ሩቁን ወደ ቤቱ የሚያቀርበው እንዲህ አድርጎ ነው።

ጸጋዬ ራሳቸው ከመወለዳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስቶች ጥይት አዲስ አበባ ላይ ተገድለው ነበር። ባለቅኔው ይህን ሰማዕትነት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ተውኔት ለትውልድ አቆዩት። ስለ ባዕድ ንጉሥ በመጻፍ የጀመረው ልጅ የተወለደበትን ዘመን ታሪክ እስከ መጻፍ የደረሰው፥ ባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ መከራ አልሆነም። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሥራዎቻቸው በሳንሱር ተከልክለዋል፤ በደርግ ዘመንም ታስረዋል። ይሁን እንጂ ሥራቸውን አላቋረጡም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። እኔ ከሥራቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። እርሳቸው ይህን ጥበብ ለመማር ባሕር መሻገር ነበረባቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ወጣት ግን በአገሩ፥ በአገሩ ሰው ሊማረው ቻለ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው ነው።

በመጨረሻ ዘመናቸው በኩላሊት ሕመም ምክንያት ኒው ዮርክ ተቀምጠው ሲታከሙ፥ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸውም ወደ አገራቸው መጥቶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥም የእርሳቸው ድርሰት ስለ ሆነ፥ ቃላቸው ዛሬም በአህጉሪቱ መሪዎች ጉባኤ ይሰማል።

ይህን የምጽፈው ለሌላ ሰው ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለወላጆች በዓል አጭር ተውኔት እንድናዘጋጅ ስንጠየቅ፥ ታሪኩ በአውሮፓ ከተማ እንዲሆን ተከራክሬ ያሸነፍሁት እኔ ነበርሁ። ካፖርትና ባርኔጣ ለብሰን ተጫወትን፤ ወላጆቻችንም በትሕትና አጨበጨቡ። በዚያው ማታ ከአዳራሹ ውጭ በርታዎች ዙምባራ የሚሉትን የቅል ጡሩንባ ሲነፉ እነዚሁ ወላጆች ሲስቁና ሲጨፍሩ አየሁ። ዙምባራ አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣበት፥ ዜማውም ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ የሚሞላ ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ በደጃችን ሳለ እኔ አንድ ቀን እንኳ ለመድረክ ይበቃል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዘንድሮ ከአሶሳ የምትወጡ ሁሉ ሂዱ፤ ተማሩ። ስትመለሱም በርታው፥ ጉሙዙ፥ ሺናሻው፥ ማኦውና ኮሞው የሚያውቀውን እንደ አዲስ ዕዩት። እኔም የዚህን ዓመት ተውኔት አባቴ ከሚነግረኝ ታሪክ ጀምሬያለሁ።